ማኅተም የሌለው ማስረጃ፦ ለማይክሮ ክሬደንሻል የሚቀርብ የሥራ ማስረጃ አዘገጃጀት

በአገር ቤት የሥራ ልማድ «ማስረጃ» ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። አንድ መምህር ሥልጠና መውሰዱን፣ ዲግሪ መያዙን ወይም ለ10 ዓመት ማገልገሉን ሌላ አካል ይመሰክርለታል፤ ወረቀቱን የሚቀበለው ኃላፊም የሚመረምረው ሥራው እንዴት እንደተሠራ ሳይሆን ማኅተሙ ትክክለኛ መሆኑን ነው። አሜሪካ ውስጥ በመምህርነትና በረዳት መምህርነት የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮ ክሬደንሻል ለሚባለው አጭር የብቃት ማረጋገጫ ማስረጃ ስናቀርብ የምንሰናከለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በዚያ አሠራር ማስረጃ የሚባለው ስለ ሥራው የሚመሰክር ወረቀት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው።

እኔም የመጀመሪያውን ማስረጃዬን ያዘጋጀሁት በቀድሞው ልማድ ነበር። የክፍሌን ግድግዳና የተማሪዎቼን የቡድን ሥራ የሚያሳዩ 14 ፎቶግራፎች፣ የተካፈልኩበትን ዐውደ ጥናት የምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ርእሰ መምህሬ የትምህርት ቤቱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ፈርመው የሰጡኝን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዤ ላክሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሰልኝ። ገምጋሚው የጻፉልኝ አስተያየት ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን ክፍሉ ያማረ መሆኑን አይቻለሁ፣ ተማሪዎቹ ምን እንደተማሩና ለዚያም እርስዎ ምን እንዳደረጉ ግን አላየሁም የሚል ነበር። ያ አስተያየት ከዚያ በኋላ ላዘጋጀኋቸው ማስረጃዎች ሁሉ መለኪያ ሆኖኛል።

ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ

ማይክሮ ክሬደንሻል አንድ ባለሙያ አንድን ጠባብና የተለየ ክህሎት በተግባር እንደሚችል የሚያረጋግጥ አጭር የብቃት ማረጋገጫ ነው። ሥልጠና ላይ ለተቀመጡበት ሰዓት የሚሰጥ አይደለም። አሠራሩ ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2011 ከማክአርተር ፋውንዴሽን ጋር ካስተዋወቀው የዲጂታል ባጅ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚታይ የብቃት ምልክት፣ ሐሳብ ጋር አብሮ ያደገ ሲሆን፣ በአሜሪካ የመምህራን ዘርፍ ዲጂታል ፕሮሚስ የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት እና ኤንኢኤ በሚለው ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአገሪቱ ትልቁ የመምህራን ማኅበር በስፋት ይሠሩበታል። ማኅበሩ ለአባላቱ አገልግሎቱን በነጻ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 አባል አገሮች በጋራ የሚመሩበትን ምክረ ሐሳብ ስላጸደቀ፣ አውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም በየሙያቸው ተመሳሳይ ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይችላል።

በመምህራን ዘርፍ የሚቀርበው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ ክፍልዎ፣ ስለ ተማሪዎችዎና ክህሎቱን ስለመረጡበት ምክንያት የሚጠየቁ አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው የሥራ ናሙናዎች ናቸው፦ የትምህርት ዕቅድ፣ ቪዲዮ፣ የተማሪዎች ሥራ፣ የምዘና ውጤት። ሦስተኛው ደግሞ ከሥራው ምን እንደተማሩ የሚጽፉበት ግለ ምልከታ ነው። ሦስቱንም ማለፍ ይጠበቃል፤ ሁለተኛው ክፍል ያማረለት ሰው በሦስተኛው ድክመት ምክንያት ሊመለስበት ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ለቀጣሪዎ የሰው ኃይል ክፍል ወይም ለክፍለ ግዛትዎ የትምህርት መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይገባዎታል፤ ይኸውም ያሰቡት ማይክሮ ክሬደንሻል ለፈቃድ እድሳት ወይም ለደመወዝ እርከን ይቆጠር እንደሆነ ነው። አሠራሩ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት፣ አንዳንዴም ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። መልሱን በቃል ሳይሆን በኢሜይል ይቀበሉና ያስቀምጡ።

የመመዘኛውን ሰንጠረዥ ከሥራው በፊት ማንበብ

ማስረጃው የሚመዘንበት ሩብሪክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግልጽ የተቀመጠ ነው። ይህ ከፈተና የሚለየው ትልቁ ነገር ነው፤ ገምጋሚው ምን እንደሚፈልግ የሚደበቅ የለም። ሆኖም ብዙዎቻችን ሩብሪኩን የምንከፍተው ሥራውን ጨርሰን ፋይሎቹን ልንጭን ስንል ነው።

ሩብሪኩን ያትሙትና ግሦቹን ያስምሩባቸው። «ይገልጻል» እና «ይተነትናል» የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሆነውን መናገር ሲሆን ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ከናሙናው ላይ እየጠቀሱ ማሳየት ነው። «ቢያንስ ሁለት ተማሪዎች» የሚል ከሆነ የአንድ ተማሪ ሥራ ምንም ያህል ድንቅ ቢሆን አያሳልፍም። ከዚያ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ የከፍተኛውን ደረጃ መስፈርቶች አንድ በአንድ በግራ በኩል ይዘርዝሩና በቀኝ በኩል የትኛው ናሙና፣ በስንተኛው ገጽ ወይም በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚመልሳቸው ይጻፉ። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረው ቦታ ገና ያልተሠራውን ሥራ ያሳይዎታል። ይህን ወረቀት ለራሴ ብቻ ነበር የማዘጋጀው፤ በኋላ ግን ቦታ በሚፈቅድበት ሁሉ አጠር አድርጌ ከናሙናዎቹ ጋር ማያያዝ ጀመርኩ፤ ብዙ ማስረጃ የሚያነቡ ገምጋሚ የሚፈልጉትን ሳይለፉ ማግኘታቸው ለአመልካቹም ይጠቅማልና።

የመነሻው ማስረጃ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስዶ ሊታሰብበት የሚገባው ክፍል ይህ ነው፤ አንዴ ካመለጠም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሞላ አይችልም። ለውጥን ለማሳየት ከለውጡ በፊት የነበረው መታየት አለበት። ብዙ መምህራን ማስረጃ መሰብሰብ የሚጀምሩት አዲሱን አሠራር ተግባራዊ ካደረጉ በኋላ በመሆኑ በእጃቸው የሚገኘው ጥሩ የሆነው ክፍል ብቻ ነው፤ ገምጋሚው ደግሞ ያ ክፍል ድሮም ጥሩ ነበር ወይስ አሁን ተሻሻለ የሚለውን መለየት አይችሉም።

ነገሩን በአንድ ክህሎት ልግለጸው። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ለተማሪው የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ከሚመረጡት ክህሎቶች አንዱ ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉትም መሳተፍ እንደሚጀምሩ አሳይታለች። ሁለት ዓይነት ጥበቃ እንዳለም ለይታለች፦ አንደኛው ከጥያቄው በኋላ፣ ሌላው ተማሪው ከመለሰ በኋላ መምህሩ ከመናገሩ በፊት ያለው ነው።

ይህን ክህሎት ስመርጥ አዲስ ነገር ከመሞከሬ በፊት ስልኬን ከክፍሉ ጀርባ አስቀምጬ 15 ደቂቃ ቀዳሁ፤ ማታ ቤት ገብቼ በሰከንድ ቆጣሪ ለካሁት። ከጠየቅኳቸው 20 ጥያቄዎች ውስጥ ሦስት ሰከንድ ሙሉ የጠበቅሁት ለሁለቱ ብቻ ነበር። ከዚያም የባሰው፣ ከየማብራሪያው በኋላ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ እኔም እቀጥላለሁ። አገር ቤት 60 እና 70 ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ያዳበርኩትን ልማድ ውቅያኖስ አሻግሬ ይዤው መምጣቴን እስከዚያ ምሽት አላስተዋልኩም ነበር። ያ የማያኮራ ቅጂ የማስረጃዬ ምሰሶ ሆነ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ የቀዳሁት ቪዲዮ ትርጉም የሚያገኘው ከእሱ ጎን ሲቀመጥ ነውና። ደካማውን መነሻ ለማሳየት አይፈሩ። የሚመዘኑት በመነሻው አይደለም።

ናሙና መምረጥና ማብራራት

ናሙና ሲመርጡ የክፍሉን አንደኛ ተማሪ ሥራ ማስቀደም ያጓጓል። እሱ ግን ማንም ቢያስተምረው ሊመልስ ይችል ነበር ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በደረጃቸው የሚለያዩ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎችን መርጦ የእያንዳንዳቸውን የቀድሞና የአሁን ሥራ ጎን ለጎን ማሳየት ይበልጣል። ከሦስቱ አንዱ ገና ያልተሳካለት ቢሆንም ይካተት፤ በግለ ምልከታው ላይ የሚጽፉት ትልቁ ነገር ከእሱ ይገኛል።

ናሙና ብቻውን አይናገርም። ገምጋሚው ክፍልዎ ውስጥ አልነበሩም፤ ተማሪዎን አያውቋትም፤ ምን ማየት እንዳለባቸው ማሳየት የእርስዎ ኃላፊነት ነው። በመጀመሪያው ማስረጃዬ ላይ ከአንድ ፎቶ ሥር የጻፍኩት «ተማሪዎች በጥያቄና መልስ በንቃት ሲሳተፉ» የሚል ነበር። በሁለተኛው ማስረጃዬ ላይ ከአንድ የቪዲዮ ክፍል ጋር ያያዝኩት ማብራሪያ በአማርኛ ሲገለጽ የሚከተለውን ይመስላል፦

«በ4ኛው ደቂቃ ከ12ኛው ሰከንድ ላይ ‹አንደኛው ተክል ብቻ ለምን የደረቀ ይመስላችኋል?› ብዬ ጠይቄ አምስት ሰከንድ ጠበቅሁ። ተማሪ ለ ‹ውኃ› የሚል አንድ ቃል መለሰች። ቀድሞ ቢሆን ‹ጎበዝ› ብዬ አልፌ ነበር። ሌላ አራት ሰከንድ ስጠብቅ ግን ‹ውኃ ስላጣ ነው፤ ያኛው ውኃም አለው፣ መስኮቱ አጠገብም ነው› ብላ ጨመረች። ይህ ከመነሻው ቅጂ ጋር ሲነጻጸር ይህች ተማሪ ምክንያት አያይዛ የተናገረችበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።»

ልዩነቱ በርዝመቱ አይደለም። ሁለተኛው መምህሩ ያደረገውን፣ ተማሪዋ ያለችውን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነትና ገምጋሚው ራሳቸው ሄደው ሊያረጋግጡ የሚችሉበትን ቦታ ይዟል። በተማሪ ደብተር ፎቶ ላይም እንዲሁ ቀስት አድርገው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በዳር በሁለት መስመር ያብራሩ። በዚህ መልክ የተብራሩ አራት ናሙናዎች ያለማብራሪያ ከተደረደሩ 14 ፎቶዎች ይበልጣሉ።

የሪፖርት ቋንቋ የሚያደርሰው ጉዳት

ኢትዮጵያ ውስጥ ያስተማርን ሰዎች ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በተለምዶ ተሙማ ለምንለው፣ በየዓመቱ 60 ሰዓት እየተጠየቅን ፖርትፎሊዮ ስናደራጅ ኖረናል። ያ ልምድ ዋጋ አለው፤ ማቀድን፣ ሰነድ መያዝንና ከባልደረባ ጋር መመካከርን አስተምሮናል። ነገር ግን የሪፖርት ቋንቋንም አብሮ አስለምዶናል፦ «ሥልጠና ተሰጠ፣ ውይይት ተካሄደ፣ ተግባሩ በተሳካ ሁኔታ ተከናወነ»። ማን ሰጠ? ማን አወያየ? ለማን? ምን ተገኘ? ይህ አጻጻፍ አድራጊውን ይሰውራል፤ የማይክሮ ክሬደንሻል ገምጋሚ ደግሞ የሚፈልጉት አድራጊውን ነው።

ሌላው የሚያስቸግረን ይሉኝታ ነው። «እኔ አደረግሁ» ማለት ራስን ማሞገስ ስለሚመስለን «እኛ» እንላለን፤ አብረውን የሠሩትን መምህር ላለማስቀየምም ሥራውን ለሁሉም እናከፋፍላለን። ማረጋገጫው የሚሰጠው ግን ለአንድ ሰው ነው። ዕቅዱን ከሌላ መምህር ጋር አብረው አዘጋጅተው ከሆነ ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጸው፣ «ጥያቄዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የቡድን ምደባውን የሠራችው ባልደረባዬ ናት» ብለው መለየት ሐቀኝነት እንጂ ትምክህት አይደለም።

ግለ ምልከታውን መጻፍ

ግለ ምልከታ የምስጋና ደብዳቤ አይደለም። «ይህ ልምድ እጅግ አስተማሪ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማንኛውም ሰው ስለማንኛውም ነገር ሊጽፈው ስለሚችል ገምጋሚውን ስለ እርስዎ ምንም አይነግራቸውም። የሚፈለገው ያሰቡት ምን እንደነበር፣ የሆነው ምን እንደሆነ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣና በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚለውጡ ነው። በእኔ ክፍል ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ለአብዛኞቹ ሲጠቅም፣ እንግሊዝኛን ገና በመማር ላይ ለነበረ አንድ ተማሪ ግን አልጠቀመም፤ ዝምታው ክፍሉ ሁሉ እሱን የሚያየው ያህል አስጨነቀው። ከዚያ በኋላ እሱ መጀመሪያ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲነጋገር፣ ቀጥሎ እንዲመልስ ማድረግ ጀመርኩ። ገምጋሚው በመጨረሻው አስተያየታቸው ላይ ለይተው ያነሱት ይህን ያልተሳካውን ክፍል ነው።

እንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብድዎ ከሆነ ግለ ምልከታውን መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፉት። በሚያስቡበት ቋንቋ ሲጽፉ ነገሩ ይጠራል፤ ባዕድ ቋንቋ ላይ ስንንጠለጠል የምናውቃቸውን ሐረጎች እየደረደርን የምናውቀውን ነገር እንተዋለን። ነገር ግን የቃላት ገደቡን ያስቡበት። «አልነገርኳቸውም» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ አራትና አምስት ቃል ስለሚሆን፣ ገደቡ 300 ቃል ከሆነ የአማርኛው ረቂቅ ከግማሹ ብዙም እንዳያልፍ መጠንቀቅ ነው። ቋንቋውን ለማረም ቻትጂፒቲን ወይም መሰሎቹን መጠቀም ቢያስቡ አስቀድመው የሰጪውን ድርጅት ደንብ ያንብቡ፤ ደንቡ ቢፈቅድ እንኳ ሐሳቡን እንዲፈጥሩልዎ አይተዉላቸው። ክፍልዎ ውስጥ ያልነበረ ማሽን ስለ ክፍልዎ የሚጽፈው ነገር የማንም ክፍል ሊሆን የሚችል ነው፤ ከቪዲዮው ጋር ሲተያይም ይጋለጣል።

የልጆቹ ገመና

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውና ፌርፓ በመባል የሚታወቀው ሕግ የተማሪዎችን የትምህርት መረጃ ይጠብቃል። በዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ማስረጃውን ከማስመለስ አልፎ በሥራዎ ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ልጆቹ አምነው የተሰጡን ናቸው። ስማቸውን በ«ተማሪ ሀ፣ ተማሪ ለ» ይተኩ። ስም የሚደበቅባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፦ የደብተሩ ጥግ፣ ከግድግዳው የተለጠፈው የተረኞች ዝርዝር፣ የውጤት ሰንጠረዡ የተሸሸገ ዓምድ፣ የፋይሉ መጠሪያ ሳይቀር። በቪዲዮ ላይም ተማሪውን በስሙ ጠርተውት ከሆነ ድምፁ ይሰማል።

ለቪዲዮና ለፎቶ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቅጹን ከትምህርት ቤትዎ ይጠይቁ። አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ካሉዎት ቅጹን ልጃቸው በእጁ ይዞላቸው ስለሄደ ብቻ ተረድተውታል ብለው አያስቡ። ስልክ ደውለው፣ በአክብሮት፣ ቪዲዮውን ማን እንደሚያየው፣ ለምን እንደሚያየውና እምቢ ቢሉ በልጃቸው ላይ ምንም እንደማይደርስ በአማርኛ ያስረዷቸው። አንዲት እናት ፈርመው የላኩትን ቅጽ ይዤ ስደውልላቸው «እኔ እኮ የጉዞ ፈቃድ መስሎኝ ነው» ብለውኛል። ያ ፊርማ በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና አልመረመርኩም፤ ለእኔ ግን ፈቃድ አልነበረምና ነገሩን ተረድተው እስኪፈቅዱ ድረስ ልጃቸውን ካሜራው በማያገኘው ቦታ አስቀምጬው ነበር።

ከመላክዎ በፊትና ከላኩ በኋላ

ቪዲዮ ወይም ሰነድ በጉግል ድራይቭ አገናኝ የሚልኩ ከሆነ አገናኙን በራስዎ መለያ ባልገቡበት ሌላ መሣሪያ ላይ ከፍተው ይሞክሩት። ለእርስዎ የሚከፈት ፋይል ለገምጋሚው ዝግ ሊሆን ይችላል፤ በትምህርት ቤት መለያ ላይ የተቀመጠ ፋይልም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ላለ ሰው እንዳይታይ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የተማሪው ሥራ በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ትርጉሙን ከጎኑ ያስቀምጡ፤ የፊደል ግድፈቱን ግን በትርጉሙ ላይ አያርሙለት። ከዚያም መስኩን የማያውቅ አንድ ሰው ናሙናዎቹን አንብቦ «ይህ መምህር ምን አደረገ? ምን ተለወጠ?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በራሱ አንደበት እንዲመልስ ያድርጉ። መመለስ ያቃተው እንደሆነ አብራርተው አያስረዱት፤ ለእሱ ሊያስረዱት የነበረውን ነገር በጽሑፉ ውስጥ ያስገቡት።

ማስረጃው ቢመለስ ውድቀት ተብሎ አይመዘገብብዎም፤ እንደገና የማቅረብ ዕድል አለ። ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ አስተያየቱን ከሩብሪኩ ጎን አስቀምጠው የትኛው መስፈርት እንዳልተሟላ ይለዩና ያንን ብቻ ይሥሩ። ያለፈውን ክፍል መነካካት አዲስ ስሕተት ይወልዳል። አስተያየቱ ግልጽ ካልሆነልዎ ምን እንደጎደለ በጽሑፍ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ማስረጃዎ አልፎ ዲጂታል ባጁ ሲደርስዎ በውስጡ የሰጪው ድርጅት ስም፣ የተመዘኑበት መስፈርትና ቀኑ አብረው ስለሚገኙ አገናኙን ለሰው ኃይል ክፍል ይላኩ፤ መቀበላቸውን የሚያረጋግጥ መልስም ይጠይቁ። ዋናዎቹን ፋይሎች፣ የመነሻውን ቅጂ ጭምር፣ ከሥራ ቦታዎ ኮምፒውተር ውጭ ለማስቀመጥ የትምህርት ቤትዎ ደንብ የሚፈቅድልዎን ያህል በቁልፍ በተጠበቀ ቦታ ያኑሩ፤ የልጆቹ ፊት የሚታይባቸውን ቪዲዮዎች ግን የፈቃዱ ቅጽ የሚያዘው ጊዜ ሲያበቃ ይሰርዟቸው።